የጾም ወገብ፣ የፍስክ ወገብ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ሐበሻ በዘር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ ተከፋፍሏል የሚሉ አሉ። እኔ እንዳየሁት ግን የሚከፍለን ፖቶማክ ወንዝ ነው። የሜሪላንዱ ሰው የቨርጂንያ ዘመዱን በስልክ «ምነው ጠፋህ? እንገናኝ እንጂ» ይለዋል፤ የቨርጂንያውም «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ» ብሎ ይምላል፤ ከዚያ በኋላ የሚተያዩት ልቅሶ ቤት ነው። በየዓመቱ አዲስ አበባ ሄዶ እናቱን የሚጠይቅ፣ አሌክሳንድርያ ያለ ወንድሙን ግን በስልክ ብቻ የሚያውቅ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው አውቃለሁ። ለምን አትጠይቀውም ሲሉት «እሱማ ሩቅ ነው» ይላል።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ቬሎዋን በልኳ የምትሠራላት ዲዛይነር ማግኘቷን አብስራ፣ ሴትየዋ ያለችው አሌክሳንድርያ መሆኑን ስትጨምርበት፣ ቤቱ ጸጥ አለ። የእህቴ ባል ነው መጀመሪያ የተናገረው። «አባቶቻችን ጳጳስ ከእስክንድርያ ያስመጡ ነበር፤ እኛ ደግሞ ቀሚስ እናስመጣ እንግዲህ» አለ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል እስክንድርያ ደጅ ስትጠና መኖሯን ማስታወሱ ነው። የዚያን ዘመን መልእክተኞች ባሕርና በረሃ ነበር የሚያቋርጡት፤ የእኛው ቤልትዌይ ነው። ማን ይነዳል ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዕድሜውን ታክሲ ላይ የጨረሰ ሰው ለዘመድ ሲነዳ ሜትር እንደማያስቆጥር ቤተሰቡ ያውቃል።

ወደ እሷ ከመሄዳችን በፊት እንደ ሰው ሱቅ ሞክረን ነበር። የአሜሪካ ሙሽራ ሱቅ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የተሰቀሉት ቀሚሶች ለናሙና ናቸው። ሙሽራዪቱ ናሙናውን ትለብሳለች፤ የሰፋው ከጀርባዋ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ የጠበበው ሳይዘጋ ይቀራል። ከዚያ ለእሷ የሚቀርበው ቁጥር ይታዘዝና ወራት ቆይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ልክ ስለማይሆን ለማስተካከያው ሌላ ሒሳብ አለ። አዲስ አበባ ቢሆን አብዛኛው ሰው ተከራይቶ ለብሶ በማግስቱ ይመልሳል፤ ነገሩ ያልቃል። እዚህ ግን ሙሽራዋን አጅቦ የሚገባው ሦስት ሰው ብቻ ነው ተባልን። እኛ በሁለት መኪና ነበር የሄድነው። አክስቶች በፈረቃ ገቡ።

ሻጯ ትሑት ልጅ ነበረች። የቀሚሱ ርዝመት የሚቆረጠው በሠርጉ ቀን ጫማ ስለሆነ ታኮውን ይዘሽ ነይ አለቻት። ይሄኔ እህቴ «ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጫማዋን ስታወልቅስ?» ብላ በልጇ በኩል አስጠየቀች። ሻጯ ፈገግ ብላ ቀረች። ሙሽራ በሠርጓ ቀን፣ ያውም ሰው ሁሉ እያያት፣ ለምን ጫማ እንደምታወልቅ ሊገባት አልቻለም። ለእህቴም የዚህ ሱቅ ነገር እዚያ ላይ አበቃ። አሥር ሴንቲ ሜትር ታኮ ወልቆ የቀረው አሥር ሴንቲ ሜትር ቀሚስ መቅደሱ ፊት ሲረገጥና ሙሽራዋ ስትደፋ በዓይነ ኅሊናዋ ታይቷታል። ተያይዘን ወጣን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድርያ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ያስቆጫል። ቤልትዌይ ዋሽንግተንን የሚከብ 64 ማይል መንገድ ነው፤ ክቡ ሞልቶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ቁጥሮቹ መግጠማቸው ነው ስለ እሱ ደስ የሚለኝ ብቸኛ ነገር። በምዕራብ ዞረህ በአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ብትሻገር ታይሰንስ ላይ ትቆማለህ፤ በምሥራቅ ዞረህ በዊልሰን ድልድይ ብትሻገር ድልድዩ አፍ ላይ ትቆማለህ። ዊልሰን ድልድይ ደግሞ ለመርከብ ወገቡ የሚከፈት ነው። ቢከፈትም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው ብዬ ስንት ጊዜ ብነግራት፣ እህቴ ድልድዩን ባየች ቁጥር ማማተቧን አልተወችም።

ዲዛይነሯ የምትሠራው ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ ታውን ሃውስ ቤዝመንት ውስጥ ነው። አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ካውያ፣ ራስ የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ ጥግ ላይ የውሃ ማሞቂያው፣ ከማሞቂያው አጠገብ ደግሞ ለወንድ የተመደበች አንዲት ወንበር። ሴትየዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ስፌት የተማረችው እዚያ፣ ቬሎ የተማረችው እዚህ። ገና ቡናው ሳይፈላ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ደብተር ይዛ ልጅቷን መመርመር ጀመረች።

«ተክሊል ነው?»

«ተክሊል ነው» አለች እህቴ።

«ጫማሽ ስንት ነው?»

«አሥር ሴንቲ።»

«እንግዲያው ጠዋት አንድ ቁመት፣ ማታ ሌላ ቁመት አለሽ። ከውስጥ የሚቆለፍ ማንሻ አደርግለታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ታጥሪዋለሽ፣ አዳራሽ ትለቂዋለሽ። እስክስታስ ትችያለሽ?»

ልጅቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንገቷን ደፋች። «አሳምራ!» አሉ እናትና አክስት በአንድ ድምፅ።

እኔ ለጨዋታ የጠየቀች መስሎኝ ነበር። ለካ የሙያ ጥያቄ ኖሯል። ማንገቻ የሌለው ቬሎ ክብደቱን የሚጥለው ወገብና ጎድን ላይ ነው፤ ገላውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ውስጡ የሚሰፉት አጥንት የሚባሉ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። የፈረንጅ ሙሽራ ከባሏ ጋር ቀስ እያለች ዘወር ዘወር ስለምትል ይህ ይበቃታል። የጎጃም ዘፈን የመጣ እንደሆነ ግን ደረቱ ወደ ላይ፣ ቀሚሱ ወደ ታች ነው የሚሄደው። እጅጌ ላለው ቀሚስም ቢሆን ብብቱ ዝቅ ተደርጎ ከተቆረጠ፣ ክንድ ሲነሣ ቀሚሱ በሙሉ ተከትሎ ይነሣል፤ ብብቱ ከፍና ጠበብ ሲደረግ ክንዱ ብቻውን ይነሣል። ሰው ልብስ ሲሰፋው የሚመቸው ይመስለው የለ? ተቃራኒው ነው። ስንት ዓመት ኮት ስለብስ ኖሬ ይህን የሰማሁት የውሃ ማሞቂያ ተደግፌ ነው።

ቀጥላ ያነሣችው ነው ከሁሉም ያስገረመኝ። «ትጾሚያለሽ?» አለቻት።

ጉዳዩ ይህ ነው። ሠርጉ የተቆረጠው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነበር። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ስለዚህ ሙሽሮቻችን ሁሉ ወይ ጥር ላይ ወይ ከፋሲካ በኋላ ይታጨቃሉ። በልክ የሚሠራ ቬሎ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። መጀመሪያ ገላዋ ይለካል። ከዚያ በርካሽ አቡጀዲ ሙሉ ቀሚሱ ተቆርጦ በስፒል እየተያያዘ ይለበሳል፤ ይታጠፋል፣ ይሰመርበታል፣ ይቀደዳል፤ ስሕተቱ ሁሉ አቡጀዲው ላይ ካላለቀ ሐሩ ላይ ነው የሚያልቀው። ሐሩ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ በእኛ የቀን አቆጣጠር ሲታይ፣ ልኬቱ በጾመ ነቢያት፣ አቡጀዲው ከጥምቀት በኋላ በፍስኩ፣ ሐሩ በሁዳዴ እኩሌታ፣ የመጨረሻው ልክ ፋሲካ በተፈሰከ ማግስት ሊውል ነው። ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማሉ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። የፈረንጅ ሙሽራ ለሠርጓ ብላ አንዴ ትከሳለች፤ የእኛዋን ቀን መቁጠሪያው ያከሳታል፣ ቀን መቁጠሪያው ያወፍራታል።

«በጾም የለካኋት አንዲት ሙሽራ፣ የፋሲካ ዶሮ ወጥ በልታ መጥታ ዚፑ አልዘጋም ብሎ አልቅሰናል» አለች ዲዛይነሯ። «ከዚያ ወዲህ የጾም ወገብና የፍስክ ወገብ ለየብቻ እጽፋለሁ።» ደብተሯን አሳየችን፤ እውነትም ሁለት ዓምድ ነበረው። መፍትሔዋ ከጀርባ ዚፑን ትቶ በክር የሚታሰር ማድረግ ነው። ክሩ እንደ ወቅቱ ይጠብቃል፣ ይላላል። በጎንና በጎኑ ስፌት ውስጥ ደግሞ ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች። የዚያ የሙሽራ ሱቅ ሻጭ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለ ገላ ነው። ጭቅጭቁ የመጣው ስለ መልክ ስንነጋገር ነው።

ልጅቷ የፈለገችው ኮተት የሌለበት ቀሚስ ነው። ዶቃ የለ፣ ፈርጥ የለ፣ ሽንሽን የለ፤ ጥሩ ሐር፣ ጥሩ ስፌት፣ በቃ። መከራከሪያዋ አምሳለ አበራ ናት። እውነቷን ነው፤ ከአምሳለ የተሻለ መከራከሪያ የለም። አምሳለ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ልትማር አሜሪካ በመጣች በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብዮቱ ፈንድቶ እዚሁ ቀረች፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ፋሽን ተማረች። በ1985 ልታገባ ስትል ሱቁን ሁሉ ብታስስ ቀላል ቀሚስ አጣች። ጊዜው ገና ከልዕልት ዳያና ሠርግ አልወጣም፤ የዳያና ቬሎ በ1981 ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ከኋላው ሲጎትት ዓለም በሙሉ አይቶ ነበርና፣ ሙሽራ ሁሉ እጅጌዋ ተነፍቶ፣ ዳንቴሏ ተቆልሎ ነበር የምትወጣው። አምሳለ የራሷን ቀሚስ ራሷ ሠራች። እንደ እኔ ያለች ሌላም አትጠፋም ብላ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣች፤ ከመኖሪያ ቤቷ ሆና መስፋት ጀመረች። በመጨረሻ ማዲሰን አቬኑ ላይ ሳሎን ከፍታ፣ በ2018 እስክታርፍ ድረስ አሜሪካ ውስጥ ያለ ኮተት ማግባትን ያስተማረች ሴት ሆነች። ከቤት መጀመሩንም፣ የራሷን መሥራቱንም፣ ቀላልነቱንም ልጅቷ አንድ በአንድ ዘረዘረች።

እህቴ በጥሞና ሰማቻት። «እውነት ነው የኔ ልጅ» አለቻት። «የአምሳለ ቀሚስ ቀላል ሲሆን አምሳለ ናት ይባላል። ያንቺ ቀላል ሲሆን ገንዘብ አጥተው ነው ይባላል።»

ይህን መልስ ኒው ዮርክ ያሉ የፋሽን ሊቃውንት ይመልሱት። እኔ አልቻልኩም።

ከዚያ በቫይበር ቡድን ተከፈተ። አክስቶች ከሜሪላንድ፣ ከአትላንታ፣ ከአዲስ አበባ ገቡ። ልጅቷ የመረጠችው ሐር ክሬም ነው፤ ፎቶው በተላከ በደቂቃ ውስጥ የአዲስ አበባዋ አክስት «ምነው ጨርቁ አረጀ?» ብላ ጻፈች። ነጭ ይሁን ተባለ። ልጅቷ የነጭ ቬሎን ነገር ያስለመደችው እንግሊዛዊቷ ንግሥት ቪክቶርያ እ.ኤ.አ. በ1840 ስታገባ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ፈረንጅ ያላትን ጥሩ ቀሚስ ቀለም ሳትመርጥ ለብሳ ታገባ እንደነበር ለቡድኑ አስረዳች። ለእኛ ማስረዳት አልነበረባትም። የእኛ አያቶች ማንንም ንግሥት ሳይጠይቁ ጥጡን ፈትለው፣ ነጩን ሸማ ለብሰው ሲዳሩ ኖረዋል፤ የቪክቶርያ ታሪክ ለእነሱ ዜና አይደለም። «ታዲያ ነጭ ይሁና!» አለች አክስቷ።

ሁለተኛዋ አክስት ጎንደሬ ናት በጋብቻ። ጫፉ ላይ የጎንደር ጥልፍ ካልገባ አልመጣም አለች። ልጅቷ ከሐር ጋር አይሄድም ብትላት፣ «ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንኳ በፈረንጆቹ 2012 ከጎንደር ጋር እህትማማች ሆኗል፤ አንቺ የወንድሜ ልጅ ሆነሽ ጥልፍ እምቢ ትያለሽ?» አለቻት። የካውንቲው ምክር ቤት ውሳኔ ቬሎ ላይ ሲጠቀስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሙሽራው እናት ደግሞ ራሳቸው ሲዳሩ የለበሱትን ዳንቴል ይዘው መጡ። አያቷ ከአገር ቤት የመቀነታቸውን ጫፍ ቆርጠው ላኩ። ከአትላንታ መስቀል ይግባበት የሚል መጣ።

ክፍያው ነገሩን ይፈታዋል ብለን ነበር፤ አወሳሰበው። የሙሽራው እናት በእኛ ባህል ቀሚሱ ከጥሎሹ ጋር የሚመጣው ከወንዱ ቤት ነው አሉ። እውነት ነው። የእህቴ ባል በአሜሪካ የሚከፍለው የሙሽራዋ አባት ነው አለ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱም ለመክፈል ሲፋጁ ያየ ሰው ቸርነት ይመስለዋል። ነገሩ የእጅጌ ጉዳይ ነበር፤ የከፈለ ሰው በእጅጌው ርዝመት ላይ ድምፅ ይኖረዋል። ልጅቷ ነገሩ ገብቷት ራሷ ከፈለች። ቀብዱን ከራሷ ካርድ አስቆረጠች። ድምፅ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ክፍያው የቀረላቸው ሁሉ ሐሳባቸውን በነፃ መስጠት ጀመሩ።

ዲዛይነሯ ይህን ሁሉ ስትሰማ አልተደናገጠችም። ለእያንዳንዷ አክስት በስልክ «ይገባል እትዬ፣ ይገባል» ትላለች። ልጅቷ በአንድ በኩል ቀሚሴ ቀላል ይሁን ስትላት «ቀላል ነው» ትላለች። ዋሽታ ከሆነ አንዳችን ጋ መያዟ አይቀርም ብዬ ነበር የምጠብቀው።

በዚህ መሀል የውሃ ማሞቂያው አፈሰሰ። ጥቂት ነው፤ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ። እህቴ ግን ሐሩ ከተሰቀለበት ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ውሃ ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ዲዛይነሯ ባልዲ እያስገባች የአን ሎውን ታሪክ ነገረቻት። አን ሎው አላባማ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ልብስ ሰፊ ነበረች። ጃክሊን ቡቪዬ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1953 ጆን ኬኔዲን ስታገባ የለበሰችው ቬሎ የእሷ እጅ ነው። ሠርጉ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው የሥራ ክፍሏን ውሃ አጥለቀለቀው፤ የሁለት ወር ሥራ፣ ከቬሎው ጋር የሚዜዎቹም ቀሚስ፣ ተበላሸ። ለማንም ሳትናገር ጨርቅ ገዝታ፣ ሰው ቀጥራ፣ ሌሊትና ቀን ሰፍታ አደረሰች። ትርፍ ይገኝበታል የተባለው ሥራ ከኪሷ አስወጣት። ቀሚሱን ይዛ ስትደርስ በሠራተኛ በር ግቢ ቢሏት፣ በፊት በር ካልሆነ ይዤ እመለሳለሁ ብላ በፊት በር መግባቷ ይነገራል። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ስለ ቀሚሱ ብዙ ጻፉ፤ ስሟን ግን የጠራት እምብዛም የለም። ዛሬ ሥራዎቿ እዚሁ ዋሽንግተን፣ በጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም አሉ፤ ከአሌክሳንድርያ በባቡር ሄዶ ማየት ይቻላል።

እህቴ ታሪኩን እንባ አቅርራ ሰማች። ከዚያ «እና እሷ አሥር ቀን ነበራት፤ አንቺ ስንት ቀን ይበቃሻል?» ብላ ጠየቀች። እኔ ተነሥቼ የማሞቂያውን ቧንቧ አጠበቅሁ። ከሹፌርነት በተጨማሪ በዚያ ቤዝመንት የሠራሁት ሥራ ይህ ነው።

ለመልስ የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ሌላ ጉዞ ነበረው። እሱ የታዘዘው ሽሮ ሜዳ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ጥበቡን ክር በክር በጣቱ እያነሣ የሠራው። ልጅቷ ልኳን በኢንች ጻፈች፣ ሸማው የተሰጠው ሰፊ በሴንቲ ሜትር አነበበ፤ እግዚአብሔር ይስጠው ከመቁረጡ በፊት ደውሎ «ሙሽራዋ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀሚሱ ሲደርስ በሰው ነው የመጣው። 23 ኪሎ ከሚፈቀድላት ሻንጣ ውስጥ መንገደኛዋ በርበሬ፣ ሽሮና የእኛን ቀሚስ አንድ ላይ አሽጋ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አወረደችልን። ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ ነፈሰ። እስከ ዛሬ ጥበቡን ያሸተተ ሰው ይርበዋል።

ፋሲካ ደረሰ። ተፈሰከ። የመጨረሻው ልክ የዋለው በዚያው ሳምንት ነው፤ ዶሮውን ማን ስንት እንደበላ የሚታወቅበት ሳምንት። ዲዛይነሯ የፍስኩን ዓምድ ገልጣ ክሩን ለቀቅ ለቀቅ አደረገች፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ልጅቷ ዞረች። ቀሚሱ ልጅቷ እንዳለችው ነበር፤ አንድ ዶቃ የለበትም። ሐር ብቻ። እናቷ ዝም አለች። ዝምታዋ እንደማያዛልቅ ስለማውቅ፣ በሙሽራ ቀሚስ ፊት ወንድ ሊናገራት የተፈቀደለትን አንዲት ቃል ተናገርኩ። «ያምራል።»

«ጥልፉስ?» አለች እህቴ። «ዳንቴሉስ? እነዚያ ሰዎች ምን ሊሉኝ ነው?»

ዲዛይነሯ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ገለበጠችው። ገበሩ ላይ ዙሪያውን የጎንደር ጥልፍ ነበር። ከፍ ሲል የሙሽራው እናት ዳንቴል። በወገቡ ውስጥ፣ አጥንቶቹን አቅፎ፣ የአያትየው መቀነት። በልብ በኩል መስቀሉ። ሁሉም ገብቷል፤ ለማንም አልዋሸችም። ቀሚሱ ከውጭ የልጅቷ ነው፤ ከውስጥ ዘመድ ተቀምጦበታል። ብዙ ልብስ ሰፊ ገላ ይለካል፤ ይህቺ ሴትዮ ቤተሰቡንም ለክታ ነበር፤ ክፍያዋ ላይ ግን ለዚህኛው ልኬት የተጻፈ ሒሳብ አላየሁም። መጻፍ ነበረባት።

ሠርጉ ሜሪላንድ ውስጥ ነው የተፈጸመው። ቤተ ክርስቲያኑን ስንመርጥ አክስቶች የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ልዑል ኢዮኤል ዳዊት መኰንን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ቴምፕል ሂልስ በሚገኘው በደብረ ገነት መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ማግባቱን አንሥተው ሲከራከሩ ነበር፤ ልዑል የቆመበት ካለ እኛ ለምን እንሩቅ በሚል። የሆነ ሆኖ የተክሊል ነገር ማንም ያገባ ያው ነው፤ ሙሽሮቹ ላይ በወርቅ የተጠለፈ ካባ ይደረባል፣ ዘውድ ይደፋል። ካባው ከትከሻ እስከ እግር ነው። ያ ሁሉ ወር የተለፋበት ቬሎ፣ የዊልሰን ድልድዩ፣ አቡጀዲው፣ የጾሙና የፍስኩ ወገብ፣ በሥርዓቱ ሰዓት ሁሉ ካባው ሥር ነበር። የታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ እሱም ማንሻው ተቆልፎለት፣ ባዶ እግሯ ላይ በልኩ። እህቴ ከኋላዬ «አየህ? አልረገጠችውም» አለችኝ። ለእሷ ሠርጉ እዚያ ላይ ተሳክቷል።

አዳራሽ ውስጥ እስክስታው መጣ። ክንዱ ተነሣ፣ ቀሚሱ ቦታው ቆየ። ጉርሻው ላይ አማቷ ያጎረሷት ክትፎ ጥቂት ተንጠባጠበ፤ ሚዜዎቹ ግን አስቀድመው ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግተው ነበር፤ ይህም ከዲዛይነሯ በተሰጠ መመሪያ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ቬሎው ታጥቦ በሳጥን ሲታሸግ፣ ልጅቷ የገበሩን ፎቶ አንሥታ ለቫይበሩ ቡድን ላከች፤ ሁሉም የሰጠውን እንዲያይ። በማግስቱ የአዲስ አበባዋ አክስት ደወለች። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ያንን ቬሎ በሰው ላኩልኝ» አለችኝ። «ሳጥን ውስጥ ከሚበላሽ እዚህ ላከራየው። ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

«በእሷ ልክ የተሰፋ እኮ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም» አልኳት።

«ከኋላ ክር አለው አይደል? እናስረዋለን።»

«ደግሞስ ቀላል ነው፤ ዶቃም ጥልፍም የለው፤ ክሬም ስለሆነ ጨርቁ አረጀ አላልሽም?»

«የውጭውን ማን አለህ?» አለች። «ገልብጬ ነው የማከራየው።»